መልስ፦ ክንድ መስጠትና እጅ መጨባበጥ

«ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሻጩ እጁን ትቶ ክንዱን ዘረጋልኝ፤ ንቆኝ ነው?» ላልከው፦ እንዲያውም አክብሮሃል። እጁ ዓሣ ስለነካ ጣቶቹን አጥፎ አንጓውን ይሰጥሃል። ቀለል አድርገህ ያዝ፤ መዳፉን ፈልቅቀህ ለመጨበጥ አትታገል፣ ቅርፊቱ አንተም ላይ ይቀራል። ታላቅ ሰው ስትጨብጥ ደግሞ በግራህ የቀኝ ክንድህን ደገፍ አድርገህ ጎንበስ በል። ግራ እጅ ብቻውን ነውር ነው።

«እጅ መጨባበጥ ሰይፍ አለመያዝን ለማሳየት ተጀመረ» የሚባለው ተወዳጅ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም። ከቀደምት የመጨባበጥ ምስሎች አንዱ በዛሬዋ ኢራቅ ባለችው ጥንታዊት የአሦር ከተማ ኒምሩድ የተገኘው የዙፋን መሠረት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዘመን የአሦሩ ንጉሥ ሣልሳዊ ስልምናሶር ከባቢሎን ንጉሥ ጋር ሲጨባበጥ ተቀርጾበታል። እዚያ ትርጉሙ የነገሥታት ቃል ኪዳን ነው፤ የጥንት ግሪኮች ግን መቃብር ድንጋይ ላይም ቀርጸውታል።