አሥር ጣት ለአንድ ኦርኬስትራ

ፒያኖ ለምትማሩ ልጆች፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት ፒያኒስት ጻፈልኝ። የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጆርጅ ገርሽዊንን «ራፕሶዲ ኢን ብሉ»፣ ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የሆነውን ሥራ፣ ያለ ኦርኬስትራ በፒያኖ ብቻ መቅረጽ ይፈልጋል። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» ይላል። እኔም ከዓመታት በፊት እዚሁ አሜሪካ የገርሽዊንን ሥራዎች በፒያኖ ብቻ ቀርጬ ነበር። መልሱ ስለረዘመብኝ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው እንዲህ የምጽፈው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። ገርሽዊን በ1898 ብሩክሊን ውስጥ፣ ከሩሲያ ከመጡ አይሁድ ስደተኞች ተወለደ። በ15 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አንድ የዘፈን ኖታ አሳታሚ ቤት ተቀጠረ። ደመወዙ በሳምንት 15 ዶላር ነበር። ሥራው ፒያኖ ላይ ተቀምጦ አዳዲስ ዘፈኖችን ለገዢዎች እየተጫወተ ማሰማት ነው። ዘፋኙ፣ ባንዱ፣ ከበሮው ሁሉ እሱ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ባንድ በሁለት እጅ እንዴት እንደሚሰማ የተማረው እዚያ ወንበር ላይ ይመስለኛል። ልጆች፣ ሠርግ ላይ ወይም ሆቴል ውስጥ ዘፋኝ ማጀብን አትናቁ። ብዙ ያስተምራል።

«ራፕሶዲ ኢን ብሉ» የካቲት ወር 1924 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በፖል ኋይትማን ባንድ ነው መጀመሪያ የተሰማው። ገርሽዊን የጻፈው ለሁለት ፒያኖ ነበር። ለባንዱ ያቀናበረው ፈርዲ ግሮፌ ነው። ይህን ልብ በሉ። ሥራው ከፒያኖ ተነስቶ ነው ወደ ባንድ የሄደው። ለብቻ ፒያኖ የሚሆነውንም ኖታ ገርሽዊን ራሱ አዘጋጅቶታል። እና ስትጫወቱት የተጎደለ ነገር እንደያዛችሁ አይሰማችሁ። ወደ ቤቱ እየመለሳችሁት ነው።

ችግሩ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ከሃያ በላይ ሙዚቀኛ ያሰማውን እናንተ በአሥር ጣት ታሰማላችሁ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አዳራሽ ለሦስት ቀን ተከራየሁ። የመጀመሪያውን ቀን ኖታው ላይ ያለችውን አንዲትም ነገር ሳላስቀር ተጫወትኩ። ቤዙም፣ ዜማውም፣ መሃል ያሉት ኮርዶችም እኩል ጮኹ። ማታ ቁጭ ብዬ ስሰማው አሥር ሰው ባንድ ጊዜ የሚያወራበት ቤት መሰለኝ። ስህተት የለበትም። ግን ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አይሰማውም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የቀረኝ ሁለት ቀን ነበር።

በማግስቱ እርሳስ ይዤ ኖታው ላይ ተቀመጥኩ። በየመስመሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፦ እዚህ ቦታ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጆሮ የሚይዘው ምንድን ነው? አንዳንዴ ትራምፔቱ ነው። አንዳንዴ ዜማው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ምት ነው። እሱን አወጣሁት። የቀረውን ከኋላው በለሆሳስ አስቀመጥኩት። ሁለትና ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ ኖታ ቀነስኩ። ኖታ መቀነስ ሐጢአት የሚመስላቸው መምህራን አሉ፤ እኔንም እንዲህ ብሎ ያሳደገኝ አለ። አሁን አልስማማም። ኦርኬስትራ ውስጥ እኮ ሁሉም ሰው እኩል አይጮህም። መሪው በእጁ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ፒያኖው ላይ መሪው እናንተ ናችሁ።

ስለ መክፈቻው ደግሞ ልንገራችሁ፤ በጣም የምወደው ቦታ ስለሆነ። ክላርኔቱ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ያለቅሳል። ገርሽዊን የጻፈው መንሸራተት አልነበረም፤ በተራ የሚወጡ 17 ኖታዎች ነበሩ። የባንዱ ክላርኔት ተጫዋች ሮስ ጎርማን ልምምድ ላይ ለጨዋታ ብሎ አንሸራተተው። ገርሽዊን ወደደው፣ እንደዚያው ይቅር አለ። ፒያኖ ላይ ግን ይህ አይቻልም። ቁልፎቹ እንደ ደረጃ ናቸው፤ በአንዱና በሌላው መሃል ምንም የለም። ትዝታን ከማሲንቆ ወደ ፒያኖ ለመውሰድ የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ጣቱን ጭራው ላይ ሸርተት ሲያደርግ የምትሰሙት ያ የሆድ ድምፅ ፒያኖ ውስጥ የለም። ታዲያ ምን ይደረግ? ሩጫውን እኩል አትጫወቱት። ከታች ሰነፍ ብላችሁ ጀምሩ፣ መሃል ላይ ፍጠኑ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ዘግይታችሁ ድረሱ። ፔዳሉን ንኩት እንጂ አትርገጡት። ጆሮ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

ፔዳል ካነሳሁ አይቀር፦ ገርሽዊን በ1932 አሥራ ስምንት ዘፈኖቹን ለፒያኖ አዘጋጅቶ አሳትሟል። መግቢያው ላይ ይህ ሙዚቃ በፔዳል እንዳይጨማለቅ፣ ምቱ ደረቅና ቁርጥ ያለ እንዲሆን ይመክራል። እኛ ሾፓን እየተጫወትን ያደግን ሰዎች እግራችን ሳናዝዘው ይወርዳል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ እግሬን ከወንበሩ ሥር አጥፌ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ድምፁ ራቁቱን የቀረ ይመስላል። በአራተኛው ቀን ግን ግራ እጄ መደነስ ጀመረ።

እሱ ራሱ ሲጫወት ስሙ። ግን ተጠንቀቁ። በ1925 «ራፕሶዲ»ን ቀዳዳ ባለው የወረቀት ጥቅል ላይ፣ በራሱ ለሚጫወት ፒያኖ ቀርጾታል። የሶሎውንም የኦርኬስትራውንም ክፍል ራሱ ነው የተጫወተው፤ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ። ያን ሰምታችሁ «እኔ ለምን እንዲህ አይሆንልኝም?» ብላችሁ ራሳችሁን አትቅጡ። እዚያ ያለው የአንድ ሰው አሥር ጣት አይደለም። ከባንዱ ጋር በ1924 የተቀረጸው ሸክላ ደግሞ በሁለት ገጽ እንዲያልቅ ብዙ ተቆርጦለታል። ሁለቱንም ስሙ፤ ፍጥነቱንና ቁጡነቱን ውሰዱ።

አሜሪካዊውን ፒያኒስት አርል ዋይልድንም ፈልጋችሁ ስሙ። በገርሽዊን ዘፈኖች ላይ የሠራቸው ኤቱዶች ከባድ ናቸው። ዜማው ግን በዚያ ሁሉ የኖታ ጎርፍ መሃል አንድም ቀን አይሰጥምም። የምላችሁ ነገር በድምፅ ይኸው ነው።

ስቱዲዮ ስትገቡ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለፒያኖ ቃኚ አውጡ። በየጠዋቱ ይምጣ፤ የገርሽዊን ኦክታቮች የቀኑን ቅኝት እስከ ማታ ያናጉታል። ረጅም ረጅም አድርጋችሁ ቅረጹ። ዛሬ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው ማረም ይቻላል፤ እንደዚያ የተሰፋ ቀረጻ ግን ትንፋሽ የለውም። እኔ አንድ የተሳሳተ ኖታ አውቄ ትቻለሁ። ዛሬም ስሰማው ደስ ይለኛል፤ የዚያ ቀን ሙቀት አብሮት አለ።

ፈቃድን አትርሱ። «ራፕሶዲ» አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የሁሉም ሆኗል። በ1935 የወጣው የገርሽዊን ኦፔራ «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ግን ገና የባለመብቶቹ ነው። ሌላ ሰው ያቀናበረውም ኖታ የራሱ መብት አለው። እኔ ከ«ፖርጊ» አንዱን ዜማ ራሴ አቀናብሬ፣ ሳልጠይቅ ቀረጽኩት። ከአልበሙ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። የሁለት ወር ልፋት ነበር። ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንተ የጻፍክልኝ ልጅ፣ ከመክፈቻው አትጀምር። ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለውን ቀርፋፋውን ትልቁን ዜማ ክፈት። ቀኝ እጅህን ተወው፣ እሱ ዜማውን ያውቀዋል። ከሥሩ ሆርኖቹ የሚያሰሙት በግማሽ በግማሽ ድምፅ የሚንቀሳቀስ አንድ ቀጭን መስመር አለ። እሱን ብቻ፣ በግራ አውራ ጣትህ ብቻ ተጫወተው። መዝፈን እስኪጀምር ድረስ ደጋግመው። ከዚያ ስልክህ ላይ ቅረጸውና ላክልኝ።