ለእናቴ ስል ማራቶን ልሩጥ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ48 ዓመት ሴት ነኝ። እናቴን የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ከያዛት ቆየ፤ የማስታምማትም እኔ ነኝ። በዚህ በሽታ ላይ ለሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን ልሮጥ ተመዝግቤያለሁ። አራት ወር ቀርቶኛል። ከእግር ጉዞ በቀር ስፖርት ሠርቼ አላውቅም፤ ለደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ብዙ ሰው ገንዘብ ቃል ገብቶልኛል። ልሩጥ? መሮጤስ እኔን ከበሽታው ያድነኛል?

መልስ፦ እናትዎን እያስታመሙ ለሌሎች ታማሚዎችም ማሰብዎ በጣም ደስ ይላል። ሩጫውን ይጀምሩ። ሙሉ ማራቶኑን ግን በአራት ወር ውስጥ አልመክርዎትም።

አብዛኞቹ የ16 ወይም የ20 ሳምንት የማራቶን ፕሮግራሞች የተሠሩት መሮጥ ለለመደ ሰው ነው። ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ፤ ጀማሪዎች ልክ "አሁንማ ቻልኩት" ሲሉ የሚጎዱትም ለዚህ ነው። ዘንድሮ 10 ኪሎ ሜትር ይሩጡ፤ 42ቱን ለከርሞ ያቆዩት። ቃል ለገቡልዎት ሰዎች ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ገንዘቡን የሚሰጡት ለታማሚዎቹ ብለው ነው፤ ርቀቱ ስላጠረ የሚቀየም ይኖራል ብዬ አላስብም። በውድድሩ ዋዜማ ጉልበትዎ አብጦ "ሰው ምን ይለኛል" ብለው እንዳይሮጡ ነው የምፈራው።

መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። ግፊትዎ ይለካ፣ ልብዎም ይታይ። ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን የሚያምዎት ወይም ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ሳይደብቁ ይናገሩ። የመድኃኒቱን ዓይነትም ይጠይቁ። ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ከላብ ጋር ተደምሮ ሰውነትን ያደርቃል። የልብ ምትን የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ የእጅ ሰዓትዎ የሚያሳየው ቁጥር ያሳስትዎታል። ከሰዓቱ ይልቅ ወሬዎን ይመኑ፤ እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው።

ሕመም ለማስታገስ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ውጠው አይሩጡ። ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ። ውሃም ሲበዛ አደጋ አለው፤ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም የተባለ ጨው ያቀጥነዋል። ሲጠማዎት ብቻ ይጠጡ። ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም መደናገር ከመጣ ሩጫውን አቁመው ወዲያው ወደ ሕክምና ሰጪዎቹ ይሂዱ።

ያድነኛል ወይ ላሉት፣ ዋስትና የሚሰጥ ነገር የለም። ግን ይረዳል። የላንሴት ኮሚሽን (ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር ያለ የባለሙያዎች ቡድን) በ2024 ባወጣው ሪፖርት ለበሽታው የሚያጋልጡ፣ ሊስተካከሉም የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ሁሉም ቢስተካከሉ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። እንቅስቃሴ ማነስ አንዱ ነው። በጎልማሳነት የሚመጣ የደም ግፊትም አለበት። ስለዚህ ያቺን ኪኒን ሳያቋርጡ መዋጥዎ ከሩጫው አያንስም። ለአንጎል ጤና ሲባል ደግሞ ማራቶን ግዴታ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። እናት መታመማቸው የልጅን ዕድል በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይወስነውም። በሽታው የጀመራቸው ከ65 ዓመት በፊት ከሆነና ሌሎች የታመሙ ዘመዶችም ካሉ ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። እርስዎ ሲሮጡ እናትዎ ከማን ጋር ይሆናሉ? የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ብቻውን ሲቀር በር ከፍቶ ወጥቶ ሊጠፋ ይችላል። ጫማዎን ሲያስሩ "ወዴት ነው?" ብለው ደጋግመው ይጠይቁዎት ይሆናል። ሁሌም በተመሳሳይ አጭር ቃል፣ ረጋ ብለው ይመልሱላቸው። የሚያምኑት ሰው አብሯቸው ሳይቀመጥ አይውጡ። መራመድ ከቻሉ ደግሞ ማሟሟቂያውን አብረው ይራመዱ፤ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ሌሊቱን ከእሳቸው ጋር ሲነሱ ካደሩ የዚያን ቀን ልምምድ ይተዉትና ይተኙ።