የተጣመመው ራኬትና አራቱ ዳዶዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ከአባቱ ሳጥን ያገኘውን የእንጨት ቴኒስ ራኬት አመጣልኝ። ክቡ ተጣሟል፤ ሁለት ሦስት ክሮቹም ተበጥሰዋል። አብሮት በአራቱም ማዕዘን ቡሎንና ዳዶ ያለው የጣውላ ማቀፊያ አለ፤ ለምን እንደሚያገለግል አላወቅኩም። ራኬቱን ላቃናው እችላለሁ? እንዲህ ያማረ ሥራ ከሆነስ ዛሬ ለምን በእንጨት አይሠሩትም?
አናጺው፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያንን ማቀፊያ እጄ ያውቀዋል። ጅማ ውስጥ ኳስ አቀባይ ሆኜ ሳድግ፣ ጨዋታ ሲያልቅ ራኬቱን በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ በማቀፊያው መሐል ማስገባትና አራቱን ዳዶ በሰያፍ እያፈራረቁ እኩል ማጥበቅ የእኔ ሥራ ነበር። አንዱ ጥግ ከሌላው ከጠበቀ ማቀፊያው ራሱ ያጣምመዋል።

የጅማን ዝናብ አንተም ታውቀዋለህ። አንድ ክረምት ራኬቱን ያለ ማቀፊያ እርጥብ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሳምንት ያህል ጠፋሁ። ስመለስ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ባየው አንዱ ጎኑ እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል ተነሥቷል። ባለቤቱ አልተቆጡኝም፤ ማቀፊያውን አስጨበጡኝና «አንተው ታቃናዋለህ» አሉኝ። በየሁለት ቀኑ ዳዶዎቹን ትንሽ ትንሽ እያጠበቅኩ ወር አለፈ። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ለመጫወት ግን በቃ። አንተም እንደዚሁ አድርግ። ውኃ ውስጥ አትንከረው፤ የድሮ ኮላ ሊለቅ ይችላል። መላጊያም አታስነካው። ምክንያቱን ልንገርህ።

የጅማን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ሲያወጡት መቀመጫውና እግሮቹ መጋጠሚያ የላቸውም። ራኬት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እንደ ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ልጦች በኮላ ተደራርበው፣ በቅርጽ ላይ ታጥፈው ይደርቃሉ፤ የእንጨቱ መስመር ክቡን ተከትሎ ይዞራል። ጎኑን በኃይለኛ ብርሃን ብታየው ልጦቹን አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለህ። አንዱን ልጥ በመላጊያ ብትቆርጥ የሌሎቹ ሚዛን ይፈርሳል።

ክሩንም አጥብቀህ አትወጥር። ጥሩዎቹ ራኬቶች የሚወጠሩት እንደ ድሮ ክራር በአንጀት ጅማት ነበር፤ የፈረንሳዩ ባቦላ ከ1875 ጀምሮ ሠርቶታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዱ መስመር በ25 ኪሎ ገደማ ይሳባል፤ መስመሮቹ ከሠላሳ በላይ ናቸው። ስትደምረው ከሰባት ኩንታል ተኩል ይበልጣል! ያንን ሁሉ የሚሸከመው የጣት ውፍረት ያለው እንጨት ነው።

ዛሬ በእንጨት የማይሠሩትም ለዚሁ ነው። እንጨቱ ጉልበቱን እንዲችል ክቡ ትንሽ መሆን ነበረበት፤ ስፋቱ ከ450 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም። ክብደቱ ደግሞ 400 ግራም ይጠጋል። ኳሱ ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ካረፈ እጀታው መዳፍህ ውስጥ ይዞራል። ሃዋርድ ሄድ የሚባሉ የአውሮፕላን መሐንዲስ፣ የብረት ስኪ ሠርተው የከበሩ ሰው፣ በስተርጅና ቴኒስ ሲማሩ ይኸው መዞር አስመረራቸው። መድኃኒቱ ክቡን ማስፋት መሆኑን አስበው በ1976 ፕሪንስ የተባለውን ባለ 710 ካሬ ሴንቲ ሜትር የአሉሚኒየም ራኬት አወጡ። ብዙ ሰው የሰነፍ መሣሪያ ነው ብሎ ናቀው። በ1978 ግን ፓም ሽራይቨር የተባለች የ16 ዓመት ልጅ በእሱ ተጫውታ ለአሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ግራፋይት የተባለው ቀላልና ጠንካራ የካርቦን ቁስ መጣና እንጨት ቦታውን ለቀቀ።

የእንጨት ዘመን ከፍታ ግን ለእኔ አንድ ቀን ነው፤ የ1980 የዊምብልደን ፍጻሜ። ቢዮርን ቦርግና ጆን ማኬንሮ ሁለቱም እንጨት ይዘው ገቡ። ቦርግ ክሩን እስከ 36 ኪሎ፣ ከሁለት ፈረሱላ በላይ ያስወጥር ስለነበር ክሮቹ ሌሊት ማንም ሳይነካቸው ይበጠሱ ነበር። የአራተኛው ዙር (ፈረንጆቹ ሴት ይሉታል) ታይብሬክ፣ ማለትም ዙሩ እኩል ሲሆን የሚለይበት ጨዋታ፣ ብቻውን 34 ነጥብ ፈጀ፤ ማኬንሮ 18 ለ16 ወሰደው። ቦርግ ዋንጫውን ለማንሣት አንድ ነጥብ ብቻ የቀረው በዚያ ዙር ሰባት ጊዜ ነበር፤ ሰባቱም አመለጡት። እንዲህ የተነጠቀ ሰው ይሰበራል ብለህ ትጠብቃለህ፤ እሱ ግን አምስተኛውን 8 ለ6 አሸንፎ ለአምስተኛ ተከታታይ ዓመት ዋንጫውን አነሣ። በዚያች ጠባብ ክብ ያንን ያህል ሰዓት ኳሱን መሐል ላይ ማሳረፍ ምን ማለት እንደሆነ የደንበኛህን ራኬት ይዘህ ሞክረው።

በዓመቱ ማኬንሮ ቦርግን በእንጨት ራኬት አሸነፈው፤ ከዚያ ወዲህ ዊምብልደንን በእንጨት ያሸነፈ ወንድ የለም። ቦርግ ውድድር አቁሞ ከቆየ በኋላ በ1991 ሞንቴካርሎ ላይ ሲመለስ ያንኑ እንጨት ይዞ ገብቶ በመጀመሪያው ጨዋታ 6 ለ2፣ 6 ለ3 ተሸነፈ። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ጥያቄ፦ በቴኒስ ከፌደረርና ከናዳል የሚበልጥ ፉክክር ነበር ወይ?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከቦሳ ቂጦ

መልስ፦ ነበር፣ ልጄ፤ ያውም በሴቶች። ፌደረርና ናዳል 40 ጊዜ ተጋጥመዋል። ክሪስ ኤቨርትና ማርቲና ናቭራቲሎቫ ግን ከ1973 እስከ 1988 ድረስ 80 ጊዜ ተገናኝተዋል፤ 60ው ፍጻሜ ነበር። ማርቲና 43 ለ37 ትመራለች። ኤቨርት 13 ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈች በኋላ በ1985 መጀመሪያ ሰንሰለቱን በጠሰችው፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜም ሦስተኛውን ዙር 7 ለ5 ወስዳ አሸነፈቻት። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። ሁለቱ በጥንድ አብረው ተጫውተው የ1976ን ዊምብልደን እንዳሸነፉም አትርሺ።

ጥያቄ፦ ኳሱ ድሮም ቢጫ ነበር?

መልስ፦ አይደለም፤ ነጭ ነበር። በቴሌቪዥን በደንብ እንዲታይ በ1972 ቢጫ ተፈቀደ። ዊምብልደን እስከ 1986 በነጩ ቆይቷል።