«የመከላከያ ልብስ» የማን ልብስ ነው?

ገላን ካለ የስፌት ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር የሚሠሩ አንባቢ እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «የወታደር ልብስ ኃይለኛ ሙቀት መቻሉ እንዴት እንደሚፈተሽ ለሠራተኞች ማስተማሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ‹የመከላከያ ልብስ ፍተሻ› ብዬ ብጽፍ ግማሹ የሠራዊቱ ልብስ ነው አለ፤ ግማሹ ከእሳት የሚጠብቅ። ‹እሳት የማይበላው ልብስ› ልበለው?»

ባልደረቦችዎ አልተሳሳቱም፤ ያጣላቸው «የ» ነው፤ ባለቤትንም ተግባርንም ያመለክታልና። በ1900 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተሾሙት «የጦር ሚኒስትር» ተብለው ነበር። ያ ስም ቢዘልቅ ኖሮ ይህ ጥያቄ ባልመጣ። ዛሬ «ልጄ መከላከያ ገባ» ሲባል አጥር ዘሎ ገባ ብሎ የሚሰማ የለም።

«መከላከያ» የ«ተከላከለ» የመሣሪያ ስም ነው፤ ሥሩም ወደ ግእዙ «ከልአ» ይወርዳል፤ አገደ፣ ከለከለ ማለት ነው። እኔ የምወደው ግን «ከለላ»ን ነው። ይህ ከ«ከለለ» ይመጣል፤ «አክሊል»ና «ክልል» ዘመዶቹ ናቸው። «ከለከለ» የ«ከለለ» ድጋሚ ነው፣ ሥራቸው አንድ ነው የሚሉ አሉ። አይዋጥልኝም፤ «ከልአ» መጨረሻ ላይ ያለችው አልፍ የት ትግባ? ደግሞስ የሚከለክል በር ላይ ቆሞ ይመልሳል፤ የሚከልል ዙሪያውን ይጋርዳል። ልብስ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ፍተሻውም ለእኔ ይመሰክራል። ልብሱ ከ100 በላይ የሙቀት መለኪያ የተተከለበት የሰው ቅርጽ ላይ ይለበስና በካሬ ሜትር 84 ኪሎዋት ገደማ የሚሆን ነበልባል ለ3 ወይም ለ4 ሰከንድ ከየአቅጣጫው ይለቀቅበታል። ከዚያ፣ ውስጡ ሰው ቢኖር ከገላው ስንት በመቶው ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ ይደርስበት እንደነበር ይሰላል። ዋናው ጥያቄ ጨርቁን እሳት በላው ወይ ሳይሆን ወደ ገላ ምን ያህል ሙቀት ዘለቀ ነው።

ስለዚህ «የማይበላው»ን ይተዉት። ለዚህ ሥራ የታወቀው አራሚድ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር እንኳ ያርራል፤ «አረረ» የወጥ ብቻ አይደለም። ናይለን ደግሞ ይቀልጣል። ለገጣፎ ቤቴ አጠገብ የሚበይድ ልጅ ከጥጥ ቱታው ላይ የናይለን ጃኬት ደርቦ ፍንጣሪ አረፈበት። የቱታው ቀዳዳ ጠርዙ ሲነኩት አመድ ሆኖ ይረግፋል፤ የጃኬቱ ግን ዙሪያውን ጠጥሮ፣ ጥቁር ፍሬ አበጅቷል። ልጁ «ተቃጠለ» አላለኝም፤ «ቀልጦ እጄ ላይ ተለጠፈ» ነው ያለኝ። ከብዙ መዝገበ ቃላት ይልቅ የእሱን አማርኛ አምናለሁ።

«የእሳት ከለላ ልብስ» ብለው ቢጽፉ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እርስዎም ሠራተኞችዎም «መከላከያ» ማለት ለምዳችኋል፤ ብዙኃኑም እንዲሁ። እንግዲህ «የወታደር ልብስ ሙቀት የመከላከል አቅም ፍተሻ» ብለው ይጻፉ፤ ይረዝማል እንጂ አያጣላም። በቅንፍ «ከለላ» የምትል ብትጨምሩልኝ ግን አልቀየምም።