የነከሰ ፓምፕ ለምትፈቱ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ዳር ካለ አንድ ግቢ ጎራ ስል ሁለት ወጣት መካኒኮች ከአሮጌ ዶዘር ጋር ሲታገሉ አገኘኋቸው። ታላቁ የናፍታ ፓምፑን አንድ ክፍል ሞርሳ ላይ አስሮ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ታናሹ ሊያግለው ነበልባል ይለኩሳል። «ጋሼ፣ ነክሶ አልለቅ ብሎን ነው» አሉኝ። መዶሻውን ተቀብዬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ያልኳቸውን ነው ለእናንተም የምጽፈው።

መጀመሪያ የምትመቱት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ። ለእያንዳንዱ የሞተሩ ሲሊንደር ፕላንጀር የምንለው ናፍታ የሚገፋ አንድ ዘንግና እሱ የሚመላለስበት በርሜል የምንለው አንድ ቱቦ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት የሚያስወጣው ይህ ጥበት ነው እንጂ ጎማም ቀለበትም የለበትም። የሚያለሰልሰውም ናፍታው ራሱ ነው። መዶሻው ፕላንጀሩን ቢያስወጣላችሁ እንኳ ያ ጥበት ጠፍቷል፤ በእጃችሁ የቀረው የሚያምር ብረት ብቻ ነው።

ቀጥላችሁ ለምን እንደነከሰ ጠይቁ። በእኛ ሰሜን ሸዋ ደጋውና ቆላው በየራሳቸው መንገድ ያስነክሱታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። ግማሽ ድረስ ብቻ ናፍታ ያለበት ሰልባትዮ (የናፍታ ማጠራቀሚያው) በዚህ አየር ሲያድር ውስጡ ያልበዋል። ውሃው ከናፍታ ስለሚከብድ ታች ይጠራቀምና አንድ ቀን ወደ ፓምፑ ይሄዳል። እንዲህ የነከሰ ፕላንጀር ቡናማ ዝገት ያሳያችኋል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ጠላቱ ሌላ ነው፤ ለዓመታት የቆመ ማሽን ውስጥ ናፍታው በሙቀቱ አርጅቶ ሙጫ ይሆናል፤ ብረቱ ላይ ማር መሳይ ሽፋን ታገኛላችሁ። ሙጫው ሲነከር እየለሰለሰ ሊለቅ ይችላል። ዝገት ግን ብረቱን በልቶ ከሆነ ቢለቅም አይድንም። ስለዚህ ከመድከማችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ለዩ።

አሠራሩ ይህ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ውጪውን እጠቡ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሳምንት ሥራ ታበላሻለች። ፕላንጀርና በርሜል አብረው ተፈልፍለው አብረው የተሞረዱ ጥንዶች ናቸውና እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው ቁጥር በተጻፈበት ጣሳ አስቀምጡ። የአንዱን ለሌላው የሰጠ ሰው ሁለቱንም አጥቷል። ናፍታና ቀዩን የካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ በሙሉ ንከሯቸውና ተዉአቸው። አንድ ቀን ሳይሆን ሦስትም አራትም ቀን። ከዚያ የሞቀ ዘይት ውስጥ አግቡት፤ እሳት አታስነኩት፤ ነበልባል የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ሲሞቅ በእንጨት ደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ ለማዞር ሞክሩ። የፀጉር ያህል ሲንቀሳቀስላችሁ ለመጎተት አትቸኩሉ። ወደመጣበት መልሱት፣ ዘይት ጨምሩበት፣ እንደገና አዙሩ። የተሰበሩትን ሁሉ ሳስባቸው አብዛኞቹ የተሰበሩት በዚያች የደስታ ደቂቃ ነው። የብርጭቆ ወረቀት አጠገባቸው አይድረስ። ያንን የተቀጠቀጠውን ጥንድ ወደ ጎን አድርገን ከሌሎቹ አንዱን እንዲህ ስናላቅቅ፣ በአራተኛው ቀን ማታ ታናሹ ልጅ አውራ ጣቱ ሥር «ቅጭ» ሲል ተሰማው። እጁን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ሥራውን እንደያዘ ገባኝ።

አሁን ከሁሉ አብልጬ የማሳስባችሁ ነገር። ፕላንጀሩ ሲዞር ጎኑ ላይ ያለው ሰያፍ ጠርዝ የናፍታውን መጠን ያበዛል ወይም ይቀንሳል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያዞራቸው ራክ የምንለው ጥርሳም ዘንግ ነው። ስለዚህ አንዱ ብቻ ከነከሰ ራኩ ይያዛል፤ የሁሉም ሲሊንደር ናፍታ በያዘው ቦታ ይቀራል። እኔ በወጣትነቴ መሐል ሜዳ መንገድ ላይ የአንድ አሮጌ ካተርፒላር ዲ8 አምስት ፕላንጀር አላቅቄ ስድስተኛውን «ሲሠራ ይለቃል» ብዬ አስነሣሁት። ሞተሩ ጮኸ። የማጥፊያውን ዘንግ ብንስበው ምንም አልመለሰም። ድምፁ እየቀጠነ፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር እየተንቀጠቀጠ ሄደ። ኦፕሬተሩ ቡልኮውን ጠቅልሎ አየር መሳቢያው አፍ ላይ ጫነው፤ ሞተሩ ግማሹን ውጦ ታፍኖ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኙት ሁለት ኮንሮዶች ግን ተጣመዋል። ዛሬም ከአርባ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ ከእንቅልፌ የሚያነቃኝ ሌሊት አለ።

ስለዚህ ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ራኩን በጣታችሁ ከሙሉ ናፍታ እስከ ዜሮ መልሱት። የሚጎረብጥ ቦታ ካለ እንደገና ፍቱት፤ የማሽኑ ባለቤት ቢቆጣም ፍቱት። ኤር ክሊነሩ (የአየር ማጣሪያው) ወልቆ፣ የአየር መሳቢያውን አፍ ጥጥም አድርጎ የሚዘጋ ወፍራም ጣውላ የያዘ ሰው አጠገቡ ይቁም። በእጅ አይሞከርም፤ ጨርቅም እኔ እንዳየሁት ይዋጣል።

ናፍታውን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨው ኖዝል ቀላል ነው። መርፌ ያለው ከሆነ በንጹሕ ናፍታ አጥባችሁ፣ መርፌውን ሲሶውን ስባችሁ፣ አጋድላችሁ ያዙት፤ በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ መግባት አለበት። በመሞከሪያው ስትፈትሹ ግን እጃችሁን ከፊቱ አርቁ። ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፤ መጀመሪያ ላይ እምብዛም ስለማያም ሰው ይንቀዋል። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ብታክልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ያድራል ከተባለ ጣት ሊቆረጥ ይችላል።

ሥራ ስትጨርሱ ሰልባትዮውን ማታ ሙሉት፣ ጠዋት ከማስነሣታችሁ በፊት ከታች ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃውን አፍስሱ።

የሁለቱ ልጆች ዶዘር የተነሣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለተቀጠቀጠው ጥንድ ምትክ ተገኝቶለት ነበር። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። ታላቁ ራኩን ሦስት ጊዜ አመላልሶ አሳየኝ፤ ታናሹ ጋቢውን አውልቆ ጣውላውን በሁለት እጁ ይዞ አየር መሳቢያው አጠገብ ቆመ። ነጭ ጭስ ወጣ፣ ሞተሩ ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ ድምፁ እኩል ሆነ። ልጁ ግን ጭሱ እስኪጠራ ድረስ ጣውላውን አላስቀመጠም።