የ30 ቀን ልማድ ለምትጀምሩ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በሒሳብ ሙያ አሳልፌ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ከልጆቼ እኩዮች ጋር ስጨዋወት ብዙዎቻችሁ «የ30 ቀን ቻሌንጅ» የምትሉትን እንደምትሞክሩ እሰማለሁ፦ ለአንድ ወር ማለዳ ተነሥቶ መሮጥ፣ ከመኝታ በፊት ስልክ አለመንካት፣ በየቀኑ ጥቂት ገጽ ማንበብ። ጥረታችሁን ከልቤ እወደዋለሁ። ይሁን እንጂ ከአንድ ወር ምን መጠበቅ እንደሚገባ አስቀድሞ ካልታወቀ መልካሙ ጅምር ራስን ወደ መውቀስ ስለሚለወጥ ይህን ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

30 ቀን ልማድን ለማጽናት ብዙውን ጊዜ አይበቃም። በ21 ቀን ልማድ ይያዛል እየተባለ የሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱ ቢያንስ ያን ያህል ቀን እንደሚፈጅባቸው ከጻፈው የመጣ ነው፤ ስለ ሩጫም ሆነ ስለ ንባብ የተጠና ነገር አልነበረም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ግን፣ አንድ ድርጊት ሳያስቡት የሚመጣ እስኪሆን 66 ቀናት ገደማ እንደሚወስድ፣ እንደ ሰዉና እንደ ድርጊቱም ከ18 እስከ 254 ቀናት ሊለያይ እንደሚችል አሳይቷል። በዚሁ ጥናት አንድ ቀን መዝለል የተጀመረውን እንደማያፈርስ ታይቷል። ስለዚህ በ12ኛው ቀን ያመለጠው ሰው እንደገና ከአንድ መቁጠር አያስፈልገውም፤ በማግሥቱ 13ኛውን ቀን ይቀጥል።

እንግዲያው አንድ ወር የሚጠቅመው ራስን ለማወቅ ነው። የትኛው ሰዓት እንደሚመቻችሁ፣ ከማን ጋር ስትውሉ እንደምትበረቱ፣ ምን ሲገጥማችሁ እንደምትተዉ በ30 ቀን ውስጥ ይገለጣል።

በዚህ ረገድ ከአጽዋማቱ ብዙ መማር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። 55 ቀን የሚጾመውን ዐቢይ ጾም ወይም የረመዳንን ወር የሚፈጽም ሰው በየማለዳው ልጹም ወይስ ልተው እያለ ከራሱ ጋር አይከራከርም። የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን ይታወቃል፤ የሚፈታበት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚሠራው ምግብ ይለወጣል፤ ጎረቤቱም አብሮት ይጾማል። የእምነቱን ጥልቅ ትርጉም ለአባቶችና ለዑለማዎች ልተወውና፣ እኔ የምለው ሥርዓቱ የሰውን ድካም አውቆ የተሠራ መሆኑን ነው። ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ በፈቃዱ ብርታት ብቻ ራሱን ሊለውጥ የሚነሣ ወጣት ይህ ሁሉ ድጋፍ ይጎድለዋል። ስለዚህ ማንበብ የምትፈልጉ ከሆነ «ብዙ አነባለሁ» ከማለት ይልቅ «ከእራት በኋላ ሳህን እንደተነሣ አምስት ገጽ አነባለሁ» ብላችሁ ወስኑ፤ መጽሐፉንም ከዚያው ገበታ አጠገብ አኑሩት፤ ለአንድ ወንድም ወይም እኅትም ንገሩ። በአንድ ወርም ከአንድ ልማድ በላይ አትያዙ።

በጣም የምማጸናችሁ ግን ስለ ማታው ደብተር ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እርሱን ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዛሬ አደረግሁት ወይስ አላደረግሁትም፣ በዚያ ሰዓት ምን ሆኖ ነበር፣ ነገ ምን ይቀየር። ከዚህ በላይ አይርዘም፤ ሲረዝም ይሰለቻል። በሙያችን በየወሩ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር እናስታርቃለን፤ ልዩነት ሲገኝም ሥራችን ከየት እንደመጣ መፈለግ ነው፤ ቁጥሩን ማስተካከል የሚቻለው ምንጩ ሲታወቅ ብቻ ነውና። እናንተም «ሰነፍ ነኝ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ይህ ፍርድ እንጂ መረጃ አይደለም። «ታክሲ ስጠብቅ መሽቶብኝ ደክሞኝ ገባሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ንባቡን ወደ ማለዳ ማዛወር እንዳለበት ከራሱ ጽሑፍ ይረዳል። ደብተሩን ለማንም አታሳዩ፤ ሌላ ሰው ያየዋል ብሎ የሚጽፍ እጅ እውነቱን ያለዝባል።

ወሩ ሲያልቅ ከሦስት አንዱን ወስኑ፦ ልማዱን ባለበት መቀጠል፣ አሳንሶ መቀጠል፣ ወይም መተው። አንድን ልማድ በቅንነት ሞክሮ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ መተው ውድቀት አይደለም፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እስካኖራችሁ ድረስ የሚቀጥለውን ምርጫችሁን ያሻሽለዋል።

የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው፤ 5 ወይም በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ያላት ጳጉሜን ደግሞ ለብቻዋ ትተርፋለች። በእነዚያ ቀናት አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ የዓመቱን ደብተር ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንብቡና በተለያዩ ወራት ተመላልሶ የመጣውን ምክንያት፣ የእንቅልፍ ማነስም ይሁን የጓደኛ ጥሪ፣ አስምሩበት። የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ 30 ቀን ለእርሱ ስጡት።