ሌሊት የገባው እንግዳ ለምን በዋዜማው ተመዘገበ?

በጎንደር የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ አንባቢ፣ የምዝገባ ፕሮግራማቸው ጊዜን 1737223200 በመሰለ ቁጥር እንደሚያወጣ፣ በኤክሴል ወደ ቀን ለውጠው 3 ሰዓት ሲደምሩበት ሰዓቱ ልክ ቢመጣም በ2017 የጥምቀት ዕለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት የገባ እንግዳቸው በከተራ ምሽት እንደሚነበብ ጽፈዋል።

ከሁሉ አስቀድመው የመዝገቡን ቅጂ ያስቀምጡ፤ ዋናው የቁጥር ዓምድ ፈጽሞ አይነካ።

ጥርጣሬዬ ቀመሩ ላይ ሳይሆን የኮምፒውተሩ ሰዓት ላይ ነው። ውጤቱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025፣ 03:00 መሆን ሲገባው ጃንዋሪ 18፣ 21:00 (9:00 PM) መምጣቱ፣ ቀደም ሲል የጠገነው ሰው የእኛን አቆጣጠር እንዲያሳይ ብሎ ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደኋላ እንደመለሰው ያመለክታል። ይህን የመሰለ ጥገና በየቢሮው ስለማገኘው በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ ለዓይን የተስተካከለ ይመስላል እንጂ መዝገቡን ያበላሻል።

ቁጥሩ በግሪንዊች ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ከሆነበት ቅጽበት ጀምሮ ያለፉት ሴኮንዶች ድምር ነው። ያ ቅጽበት ለጎንደር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ቆጠራው ግን አገር አይለይም፤ በአንድ ቅጽበት ለንደንም ጎንደርም ያለ በትክክል የተሞላ ኮምፒውተር ያንኑ ቁጥር ይይዛል፣ ቀንና ሰዓት የሚሆነውም ለንባብ ሲቀርብ ብቻ ነው። ስለዚህ ከግሪንዊች የምንቀድምበት 3 ሰዓትም ሆነ ከ24 ሰዓቱ አቆጣጠር የምንለይበት 6 ሰዓት በንባቡ ላይ ይገባል እንጂ በቆጠራው ላይ አይገባም። ሰዓቱን ወደኋላ የመለሰው ሰው ከቆጠራው 21600 ሴኮንድ ቀንሷል፤ የእንግዳዎ ትክክለኛ ቁጥር 1737244800 ነበር።

ስሕተቱ የጀመረበትን መስመር ለማግኘት የደረሰኝ ቁጥሩ እየጨመረ ሳለ የጊዜ ቁጥሩ በድንገት ወደኋላ የተመለሰበትን ይፈልጉ። ከዚያ ወዲህ ባሉት መስመሮች ላይ፣ በአዲስ ዓምድ፣ 21600 ይደምሩ። ከዚያም ሁሉንም ለ86400 አካፍለው 25569 እና የ3 ሰዓቱን 0.125 ይደምሩና ዓምዱን በቀን ቅርጽ ያሳዩ። ቁጥሩ ባለ13 አኃዝ ከሆነ ሚሊሴኮንድ ስለሆነ 21600 ከመደመርዎ አስቀድመው ለ1000 ያካፍሉት። የእኛን ሰዓት ለማንበብ 6 የሚቀነሰው ከሰዓቱ ብቻ ነው፤ ቀኑ አብሮ ወደኋላ መሄድ የለበትም።

በዊንዶውስ የሰዓት ክልሉን የናይሮቢ፣ ማለትም +3፣ አድርገው ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲሞላ ያድርጉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ዳግም ከተዛባ የማዘርቦርዱን ሲአር 2032 ባትሪ ይቀይሩ፤ በርካሽ የሚሸጠው ብዙም ሳይቆይ ስለሚደክም ደህናውን ይግዙ። ሰዓቱን ያቀኑበትንም ቀን ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ በሚመጡ መስመሮች ላይ 21600 አይደመርም። ዋናውን ዓምድ አሁንም እንዳይነኩት አደራ እላለሁ።